«ጀርመን 2»

ካሴቱ አሁንም ሱቄ ውስጥ አለ። ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ በላይ ባለው መደርደሪያ ጥግ ላይ፣ ከተቃጠሉ ትራንስፎርመሮች አጠገብ። ወረቀቱ ወይቧል። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጀርመን 2» ይላል። የአጎቴ የእጅ ጽሑፍ ነው። «ጀርመን 1» የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

አጎቴ የተማረው ምሥራቅ በርሊን ነው። በደርግ ጊዜ ብዙ የኛ ሰዎች ለትምህርት ወደዚያ ይላኩ ነበር። በርሊንን ለሁለት የከፈለው ግንብ ሰው ያግዳል እንጂ ሬዲዮ አያግድም። ማታ ማታ የምዕራቡን ጣቢያ ከፍቶ ደስ ያለውን በካሴት ይቀዳል። በ1980 ዓ.ም. ሲመለስ ለእናቴ ሹራብ፣ ለአባቴ የእጅ ሰዓት፣ ለኔ ደግሞ ይህንን ካሴት ይዞ መጣ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ያኔ የምንኖረው አቃቂ ነው። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሽመና ክፍል ነበር የሚሠራው። አጎቴ ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተተና ተጫነው። መጀመሪያ የመኪና በር ተዘጋ። ከዚያ ሞተር ተነሳ። ከዚያ ክላክስ ጮኸ። እናቴ እንግዳ የመጣ መስሏት ብድግ ብላ በመስኮት አየች። ውጭ ምንም የለም። ከዚያ ያ ድምፅ ገባ። ወፍራም ነው፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ ይመስላል። ጊታር አይደለም። የምናውቀው ኦርጋንም አይደለም። ዝም ብሎ ይሄዳል። ይሄዳል። ይሄዳል።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ከዚያ «ይሄ እኮ የኛ ክፍል ነው» አለ።

አጎቴ ሳቀ። አባቴ ግን ከልቡ ነው የተናገረው። ሃያ ዓመት በሽመና ማሽኖች መሀል የቆመ ሰው ነው። ሌላው ሰው ጫጫታ ብቻ በሚሰማበት አዳራሽ ውስጥ እሱ ምት ይሰማ ነበር። ከዚያ ሁሉ ማሽን መሀል የአንዱ ምት ቢዛነፍ ዞር ብሎ ሳያይ የትኛው እንደሆነ ይነግርሃል። ያን ዕለት ካሴቱን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ አጠንጥነን ሰማነው። ሰዓት እላፊው ስለደረሰ አጎቴ እኛው ጋ አደረ።

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የጥገና ሱቅ አለችኝ። ኪቦርድ፣ ሚክሰር፣ አምፕሊፋየር፣ ሞንታርቦ እጠግናለሁ። ደንበኞቼ የሠርግ ተጫዋቾችና የአዳራሽ ባለቤቶች ናቸው። ሱቁ ውስጥ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሚከፈተው ያው የጥንቱ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው። አንድ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ። ከኮዬ ፈጬ ነው የሚመጣው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። ባለፈው ሰሞን ብሎን እየፈታ ሳለ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ይሄ ሙዚቃ ሰው የለበትም እኮ» አለኝ።

ዝም አልኩት። መልስ አጥቼ አይደለም። መልሱ ረጅም ስለሆነ ነው። እዚህ ልጻፈው።

ባንዱ ክራፍትወርክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970 ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ዱሰልዶርፍ ውስጥ መሠረቱት። ክራፍትወርክ በጀርመንኛ የኃይል ማመንጫ ማለት ነው። አጎቴ ስሙን ሲተረጉምልኝ በእጁ ወደ አባ ሳሙኤል አመለከተ። ከሰፈራችን ብዙም ሳይርቅ፣ አቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ከሀገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። «እንደዚያ ማለት ነው» አለኝ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኔ የአቃቂ ልጆች ሆኑ።

ካሴቱ ላይ ያለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው «አውቶባን» ነው። ከ22 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ የአንድን ሸክላ አንድ ሙሉ ገጽ ይይዛል። ስለ ፈጣን መንገድ ነው። ሌላ ታሪክ የለውም። ጥሎ የሄደ ፍቅረኛ የለም፣ የሚለቀስበት የለም። መንገድ ላይ እየነዳን ነው ይላሉ፣ እውነትም እየነዱ ነው። የሸክላው ሽፋን ላይ አንድ ጥቁር መርሰዲስና አንዲት ነጭ ቮልስ በሰፊው መንገድ ሲተላለፉ ተስለዋል።

አሁን «ሰው የለበትም» ወደሚለው ልምጣ።

ዛሬ አንድ ተጫዋች ኪቦርድ ይዞልኝ ሲመጣ ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ድምፅ ተጭኖበታል። ቁልፍ ስትጫን ቫዮሊን ይመጣል። ሌላ ስትጫን ዋሽንት። ሪትሙም የተዘጋጀ ነው፤ ምንጃር ብትል ምንጃር፣ ጉራጊኛ ብትል ጉራጊኛ። ሠርግ ላይ ሰው ማስጨፈር ከባድ ሥራ ነው፣ እነዚህን ልጆች አከብራቸዋለሁ። ግን ድምፁን ሌላ ሰው ሠርቶ ጨርሶታል። እነ ሁተር የጀመሩ ጊዜ የተሠራ ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ ድምፅ ከባዶ ነው የሚነሳው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ቁልፍ እያዞረ፣ እየሰማ፣ እየጣለ፣ እንደገና እየፈለገ ነው ያመጣው።

ሚኒሙግ የሚባለውን ሲንተሳይዘር፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ፣ ውሰዱ። የአሜሪካዊው የሮበርት ሙግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ነው። 44 መርገጫ አለው። ሁተር የራሱን ሲገዛ የከፈለው ገንዘብ ከቮልሱ ዋጋ ጋር እኩል እንደነበር ተናግሯል። መኪና የሚያህል ገንዘብ ከፍለህ የምታገኘው ነገር ታዲያ አንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። ሁለት መርገጫ አንድ ላይ ብትጫን አንዱ ዝም ይላል። ፈረንጅ ይህንን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኛ ግን በማሲንቆና በዋሽንት ያደግን ሰዎች ነን። ባለ አንድ ድምፅ መሣሪያ እንዴት ሰው እንደሚያስለቅስ የሚነግረን አያስፈልገንም።

ውስጡ ድምፅ የሚያመነጩ ሦስት ኦሲሌተሮች አሉ። አንዱን የመጋዝ ጥርስ በሚባለው ሞገድ ላይ ስታደርገው ሻካራ፣ የሚነዝር ድምፅ ይወጣል። በገና ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። በገና ላይ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለች፤ እንዚራ ትባላለች። አውታሩ እሷን እየነካካ ሲርገበገብ ነው ያ ሆድ የሚያባባ ንዝረት የሚመጣው። እንዚራዋን ካወጣሃት በገናው ይደነዝዛል። የመጋዝ ጥርሱም እንደዚያው ነው፤ አንድ ድምፅ ሲሉት ውስጡ ስንት ቀጫጭን ድምፅ ታጭቆበታል። ከዚያ ወደ ፊልተሩ ይሄዳል። ፊልተር ወንፊት ነው። ቀጭኑን ያስቀራል፣ ወፍራሙን ያሳልፋል። ቁልፉን ቀስ እያልክ ስትከፍተው ድምፁ ተኝቶ የነቃ፣ አፉን የሚከፍት ሰው ይመስላል። እዚያች ቦታ ላይ ሁሌ ሥራዬን አቁሜ እሰማለሁ።

ደግሞ ማስታወሻ የለውም። ዛሬ ያገኘኸውን ድምፅ ነገ ብትፈልገው አይጠብቅህም። የእያንዳንዱን ቁልፍ ቦታ ወረቀት ላይ መሳል አለብህ። እንደዚያም ሆኖ ልክ እንደ ትናንቱ አይመጣም።

ከበሮውንም ራሳቸው ናቸው የሠሩት። ብረት ነክ ሰሌዳ አዘጋጁ። በብረት ዘንግ ሰሌዳውን ሲነኩት የኤሌክትሪክ ዑደቱ ይዘጋና ድምፅ ይወጣል። ይህ ማብሪያ ማጥፊያ ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ካለው የተለየ ነገር የለውም። ሁለት ሰዎች በዚያ መድረክ ላይ ቆሙበት።

ጣሊያናዊው ጆርጆ ሞሮደር እ.ኤ.አ. በ1977 ሙኒክ ውስጥ ለዘፋኟ ለዶና ሰመር የሠራው ሥራ ደግሞ ለኔ ለጠጋኙ ከሁሉ ይበልጥብኛል። «አይ ፊል ላቭ» ነው። ባሱም፣ ማጀቢያውም፣ የሚንሾካሾከውም ሁሉ የወጣው ከትልቁ የሙግ ማሽን ነው። የዚያን ዘመን ኦሲሌተር ሙቀት ሲለወጥ ድምፁ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሃያ፣ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይቀዳሉ፣ ያቆማሉ፣ እንደገና ይቃኛሉ፣ ይቀጥላሉ። ስትሰሙት ማለቂያ የሌለው ባቡር የሚመስላችሁ ነገር በሠላሳ ሰከንድ ቁራጭ የተቀጣጠለ ነው። ማሲንቆ ተጫዋች በየመሀሉ ጆሮዋን ጠምዘዝ እንደሚያደርጋት ማለት ነው። ሌላም አለ። ማሽኑ ልብ የሚመታ ትልቅ ከበሮ ሊያወጣ አልቻለም። ስለዚህ ኪዝ ፎርሲ የተባለ ከበሮ መቺ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእግሩ ያንን አንድ ምት ብቻ ረገጠ። ማሽን ነው የሚባለው ዜማ ሥር የአንድ ሰው እግር አለ። ለልጁ ይህንን ስነግረው ኪቦርዱን አስቀምጦ ሁለት ጊዜ ሰማው።

ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ቲአር 808 የሚባል ድራም ማሽን፣ ከበሮ የሚመታ መሣሪያ፣ አለ። ብዙ ሳይሸጥ በ1983 ቆመ፤ በጠቅላላው 12,000 ገደማ ብቻ ነው የተሠራው። ያ እንደ ጸናጽል የሚረግፈው ድምፁ የመጣው ከውድቅ ትራንዚስተሮች ነው። መሐንዲሶቹ ፋብሪካ ጉድለት አለባቸው ብሎ የጣላቸውን ትራንዚስተሮች ሆን ብለው መርጠው ገዙ። በኋላ የትራንዚስተር ፋብሪካዎች እየተሻሻሉ ሲመጡ ውድቁ ጠፋ፣ ማሽኑንም መሥራት አልተቻለም። ላለፉት አርባ ዓመታት ዓለም የጨፈረበት ድምፅ ከቆሻሻ መጣያ የተረፈ ነው። እኔ ከመርካቶ የማመጣውን የተበላሸ ቦርድ ሁሉ የማልጥለው ለዚህ ነው።

የኛም ሰው አለበት። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለሥራ ሲሄድ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እዚያው ቀረ። በ1985 አንድ ካሴት ሠራ። ባንድ የለም። እሱ ብቻ ነው፣ ከኪቦርዶቹና ከድራም ማሽኑ ጋር። ከላይ ደግሞ በልጅነቱ የተማረውን አኮርዲዮን አደረገበት። ማሽኑ ከታች ቀጥ ብሎ ይመታል፣ አኮርዲዮኑ የኛን የድሮ ዜማ ይዞ ከላይ ይዋኛል። ይህንን ስሰማ ብቻውን አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው የሚታየኝ። አገሩ ሩቅ ነው፣ ጓደኞቹ የሉም፣ ማሽኑ ግን «ቀጥል፣ እኔ አለሁ» ይለዋል። በኋላ ለዓመታት ዋሽንግተን አጠገብ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ እየጠበቀ ይለማመድ ነበር። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ይህንን ካሴት ሰምቶ «ሰው የለበትም» የሚል ካለ ሻይ ልጋብዘውና ቁጭ ብለን እንነጋገር።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ፣ በሽቦ ላይ በሚቀዳ ማሽን የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀዳ። ከዚያ ድምፁን እየቀያየረ፣ ማስተጋባቱን ብቻ እያስቀረ አዲስ ነገር ሠራበት። በቴፕ ሙዚቃ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ይህ ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ አስተምሯል፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል። ክራርና በገና፣ ማሲንቆና ዋሽንት አንድ መድረክ ላይ ያሰባሰበው እሱ ነው። ማሽንና ማሲንቆ ጠላት ናቸው ለሚል ሰው ይህንን እነግረዋለሁ። መነሻውም ዛር ነበር፤ ሰው የጮኸበት፣ ሰው የወደቀበት ድምፅ።

ወደ አጎቴ ካሴት ሳልመለስ ብዙ አወራሁ። እንዲህ ሆነ። የአዲስ አዳማ የክፍያ መንገድ ከተከፈተ በኋላ አንድ ቀን ለአዳራሽ አምፕሊፋየር ጥገና ወደ አዳማ መሄድ ነበረብኝ። መንገዱ የሚጀምረው እኛው ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ጓደኛዬ በአይሱዙ ሊሸኘኝ መጣ። «አውቶባን»ን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ይዤ ነበር። የክፍያ ጣቢያውን እንዳለፍን ከፈትኩት።

ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በፈጣን መንገድ ላይ ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። መንገዱ ራሱ አልነበረማ። በሩ ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ባሱ ገባ። ጎማው የአስፋልቱን መገጣጠሚያ ሲረግጥ ጧ፣ ጧ ይላል፣ ከምቱ ጋር አንዴ ይገናኛል፣ አንዴ ይለያያል። በግራ የረር፣ በቀኝ ከሩቅ ዝቋላ። መሀሉ ሁሉ ጤፍ ነው፤ መስከረም ነበር፣ ገና አረንጓዴ። ዱከም አለፈ። ጓደኛዬ የሚያወራ ሰው ነው፤ ያን ዕለት አላወራም። ዘፈኑ መሀል ላይ ሌላ መኪና ከጎን ሽው ብሎ የሚያልፍ ድምፅ አለ፤ በሲንተሳይዘር የተሠራ ነው። ልክ እዚያች ጋ አንድ ሲኖትራክ እውነት በጎናችን አለፈ። ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። ዘፈኑ ያለቀው ቢሾፍቱን አልፈን ነው። ጓደኛዬ እጁን ከመሪው ሳያነሳ «መልሰው» አለኝ።

አባቴ ያኔ አልፎ ነበር። እሱን አስቤ ነበር እስከ አዳማ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሥራ ቀዝቀዝ ያለ ቀን ልጁን «ና፣ አንድ ነገር እንሥራ» አልኩት። 555 የምትባል ባለ ስምንት እግር አይሲ፣ ትንሽ ቺፕ፣ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ገበያ ላይ ያለች ናት፣ ዋጋዋ ከምንም አይቆጠርም። አንድ ካፓሲተር፣ ሁለት ሬዚስተር፣ ከሞተ ሬዲዮ የወጣች ድምፅ ማጉያ፣ አንድ የሚዞር ቮሊዩም፣ ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ። ሠላሳ ደቂቃ አልፈጀብንም። ባትሪውን ሲያገናኘው ጮኸች። ቀጭን፣ ደረቅ፣ የሚያቃጭል ድምፅ ነው። ቮሊዩሙን ሲያዞረው ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል። መርገጫ የለውም። ድምፆቹ መሀል ድንበር የለም። ልክ እንደ ማሲንቆ፣ ቦታውን በጆሮህ ነው የምታገኘው።

መጀመሪያ አምቡላንስ አስመሰላት። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ማዞር ጀመረ። ያገኛትን ቦታ ካርቶን ላይ በማርከር ነጠብ ያደርጋል። ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያዳምጣል፣ ነጥቡን ይሰርዛል፣ ፀጉር ያህል ወደ ግራ ያደርገዋል። አልረዳሁትም። ወደ ማምሻው ላይ ካርቶኑ ላይ አምስት ነጥብ ነበር። ከመጀመሪያው ወደ አምስተኛው ሲወጣ ትዝታ ሆነ። ጎረቤታችን ጀበና የምታፈላው እኅት ከሰል ማራገቧን አቁማ ወደ ሱቁ አየች።

ያኔ መብራት ሄደ። የኔ ማቅለጫ ቀዘቀዘች፣ ሬዲዮው ቆመ፣ ብሎኩ በሙሉ ጨለመ። ባትሪዋ ግን ሙሉ ናት። ልጁ አላቆመም። ነጥቦቹን ማየት አይችልም፣ ስለዚህ በጣቱ ነበር የሚፈልጋቸው። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ትንሽ አለፋት። ተመለሰ። አገኛት።